እናቴ ያጣችው ካርድ

እናቴ ዛሬ የኮሪያኛ ካርዶቼን ሁሉ አገላብጣ ጨረሰችና "አንድ ይጎድላል" አለችኝ። ኮሪያኛ ማንበብ እንደማትችል ልብ በሉልኝ።

ኮሪያ ሄዶ ለመማር፣ ለስኮላርሺፕ እያጠናሁ ነው። ሮ፣ ረ እና ርዮጎ የሚባሉ ሦስት ቅጥያዎች እየተምታቱ ወር ሙሉ ሲያስለቅሱኝ ከረሙ።

የምሠራው እዚሁ መቐለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለሆነ በቁርጥራጭ ጨርቅ ለየኋቸው። ቀይ ያሰርኩበት ካርድ ወዴት እንደምሄድ ይናገራል፣ ሰማያዊው ምን ለማድረግ እንደምሄድ፣ አረንጓዴው ምን እንዳሰብኩ።

ከሥራ ስገባ እናቴ ቀለሙን እያየች ትጠይቀኛለች፤ እኔ በኮሪያኛ መልሼ ትርጉሙን እነግራታለሁ። ስሳሳት ከመምህሬ ብሳ ትቆጣለች።

"ምን ጎደለ፣ አደይ?" አልኳት።

"ወደ ቁሓ አለ፣ ወደ ኮሪያ አለ። ለመማር አለ፣ ለመሥራት አለ። ልመለስ አስቤ የሚል ግን አንድም የለም፣ ጓለይ።"

ያን ሁሉ ካርድ ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። አረንጓዴዋን ጨርቅ ራሷ አሰረችበት። ከሌሎቹ ጋር ግን አልመለሰችውም፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

"ይቺ እኔ ጋ ትቆይ" አለች።

ርቃችሁ የሄዳችሁ፣ እናታችሁ ምን ይዛ ቀረች?