የዑበይድ ጆሮና የዘዊና ፒክአፕ

በቢድያ አሸዋ መኪና ሲታመም ሐኪሙ ዑበይድ ነው። ኮፈን አይከፍትም፤ እጁን አያቆሽሽም። ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ ይገባል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ "ጆሮዬ ነግሮኛል" ይላል፤ አለቀ። ያ ጆሮ ስንት ደህና ሞተር እንዳስፈታ የቆጠረ የለም።

ዘዊና የታናሽ ወንድሙ የሙሰለም ሚስት ናት። ለፍየሎቿ ውኃ የምታመላልሰው በአሮጌ ፎር ባይ ፎር ፒክአፕ ነው። ባለፈው ወር ዑበይድ ማንም ሳይጠይቀው ኋላዋን የሚሸከመውን ባሌስትራ አስወጥቶ ረጅም አስገጠመላት። "አሁን እንደ ጎረምሶቹ መኪና ቂጧን አነሳች!" አለ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አስፋልት ላይ ፍጥነቷ ሰማንያ ሲገባ ትንቀጠቀጣለች።

ዘዊና ይህን ለባሏ ብትነግረው ወሬው ወንዶች ድንኳን ገባ። ወንድማማቾቹ ከፊት፣ ሦስት ቦርጫም ጎረቤቶች ከነተምራቸው ከኋላ ተጭነው አስፋልቱን ደርሰው መጡ። መኪናዋ ሰማንያ ገብታም አልተንቀጠቀጠችም።

"እሷ ጤነኛ ናት" አለ ዑበይድ። "የሚንቀጠቀጠው የሴት እጅ ነው። ከነገ ጀምሮ ቁልፉ እኔ ዘንድ ይሁን።"

ሙሰለም ታላቁን አይደፍርም፤ መሬት መሬት አየ። ቁልፉ ከሄደ ፍየሎቹ የሚጠጡት ዑበይድ ከእንቅልፉ ሲነቃ ነው። እሱ ደግሞ ቀትር ሳያልፍ አይነቃም።

በማግስቱ ዘዊና በማለዳ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ሰማንያ ላይ መሪውን አዳመጠች፤ ጸጥ ብሏል። የሚንቀጠቀጠው ከመቀመጫዋ በታች ነው። እንግዲያው የፊት ጎማ አይደለም። ማርሹን አላቅቃ ፎሌ አደረገች፤ ሞተሩ ቢረጋም መንቀጥቀጡ ቀጠለ። ሞተሩም ነጻ ወጣ። ከኋላ የጫነችውን በርሜል ውኃ ሞልታ ስትመለስ ግን መኪናዋ እንደ ሐር ለሰለሰች።

ያን ጊዜ ሳቋ መጣ። ኋላው ሲከብድ ረጅሙ ባሌስትራ ዝቅ ይላል፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግም ይቃናል። ባዶ ሲሆን ዘንጉ ይንጋደድና ያንቀጠቅጣታል። ለካ ቦርጫሞቹ መርማሪ ሳይሆኑ ጭነት ነበሩ!

በርሜሉን አራግፋ ዑበይድን በልጁ ስም እየጠራች ቀሰቀሰችው።

"አቡ ሰይፍ፣ ቁልፉን ሳይወስዱ አንዴ ያድምጡልኝ። ሻይዎንም ይዘው ይግቡ።"

ሰማንያ ሲገቡ ሻዩ በሙሉ ጀለቢያው ላይ ተደፋ።

"ኧረ አንቺ ሴት! ምንድን ነው ይሄ?"

"እኔ ምን አውቄ። ጆሮዎ ምን አለ?"

"ነፋስ ነው..."

"እንዴት ያለ ነፋስ ነው፣ በርሜሉ ሲሞላ የሚጠፋ? ወይ እነዚያን ሦስቱን በየማለዳው ከኋላ ይጫኑልኝ፣ ወይ የድሮውን ባሌስትራ ይመልሱልኝ።"

ዑበይድ ባሌስትራውን ሲመልስ ዋለ፤ እጁም ለመጀመሪያ ጊዜ ግራሶ ነካ። ማምሻውን ድንኳን ገብቶ "ባሌስትራው እንደሆነ ጆሮዬ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር" ሲል ሙሰለም የወንድሙን ጀለቢያ አየ፤ ከደረት እስከ ጉልበት ሻይ ነው።

"ታዲያ ቁልፉስ?" አለ አንዱ ቦርጫም።

"ቁልፉማ ዘዊና ጋ ነው" አለ ሙሰለም። "ጠዋት ውኃ ትቀዳለች።"