የከድጃን ደም ይዤ ወደ ደሴ

መካነ ሰላም፣ ከጠዋቱ 12፡30

ሹፌሩ ሰው ካልሞላ አልነሳም ብሎ መናኸሪያው ውስጥ ቆሟል። እኔ የክትባት ማመላለሻ የበረዶ ሳጥን ጭኔ ላይ አቅፌ በየሁለት ደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ጣት የምታህል ብልቃጥ ብቻ ናት። የከድጃ ደም ናት።

ከድጃ ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቶ ጽኑ ሕሙማን ክፍላችን ተኝታለች። የምንሰጣት ቫንኮማይሲን የሚባል መድኃኒት ነው፤ ሲያንስ ጀርሙን አይገድልም፣ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። እስከ ዛሬ መጠኑን የምንወስነው በክብደትና በግምት ነበር። እኔ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ነኝ፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ይለካ እያልኩ ዓመት ሙሉ ስጨቀጭቅ ኖሬ፣ ደሴ ያለ አንድ የግል ላቦራቶሪ መለካት መጀመሩን ስሰማ አለቆቼን እሺ አሰኘኋቸው። ይህች የመጀመሪያዋ ናሙና ናት።

የከድጃ ኩላሊት መድከም ስለጀመረ ሐኪሙ የዛሬ ጠዋቱን መድኃኒት ውጤቱ እስኪታወቅ አቆይቶታል። እኔ መንገድ ላይ የማጠፋት እያንዳንዷ ሰዓት እሷ ያለ መድኃኒት የምትቆይባት ናት። ሹፌሩ ግን ገና ሦስት ሰው ይቀረኛል ይላል።

አጠገቤ አባቷ ሸህ ሰይድ ተቀምጠዋል፤ ቁርኣን አስተማሪ ናቸው። እዚሁ ቢሆኑ ይሻላል ብላቸው፣ "የልጄ ደም ብቻውን አገር አያቋርጥም" ብለው ከድጃን ለእናቷ ትተው ተነሱ። ሹፌሩ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ይጫን ሲል ቀድመው የተቆጡትም እሳቸው ናቸው።

አቀስታ፣ 4፡00

መንገዱ አንጀት ያወጣል። በግራም በቀኝም ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ነፋሱ ያስተኛዋል፤ ደስ የሚል አገር ነው፣ እኔ ግን ዓይኔ ከበረዶው ሳጥን አልተነሳም። አቀስታ መግቢያ ላይ ጎማችን ፈነዳ። ጎሚስታው ቁርሱን እየበላ ነበርና ጨርሶ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ሸህ ሰይድ እጄን ይዘው ሻይ ቤት አስገቡኝ። ሻይ በዳቦ ለሁለታችን አዘዙ። ማሽኑ ምን እንደሚያይ ጠየቁኝ፤ ትዕግሥቴ አልቆ ስለነበር ባጭሩ ነገርኳቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦

"የመድኃኒቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉኝ።

የሠራሁትን ቅጽ በኩራት ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተሰጥቷታል፣ ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደሟ ተወስዷል። ሁሉም ተፈርሞበታል።

ሸሁ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "አሥራ ሁለት ሰዓት አልተሰጣትም፣ የኔ ልጅ። የደም ስሯ እምቢ ብሎ ነርሷ ስትለፋ አመሸች። ዒሻ ሰግጄ ስመለስም ገና ነበር። የተሰቀለላት አምስት ሰዓት ላይ ነው፣ ወላሂ።"

ለምን እስካሁን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው። ነርሷን የምንቀጣት መስሏቸው ፈርተው ነው። እንደ እህቷ አድርጋ ነው የያዘቻት አሉኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የቆየ መድኃኒት ነው ያልኩት ለካ የስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ከተሰጠ ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ሲሆነው ደም ውስጥ ያለው መጠን ገና ከፍ ያለ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ያንን ቁጥር ሐኪሙ በተሳሳተው ሰዓት ካነበበው መድኃኒቱ ተጠራቅሟል ብሎ ያቆምባታል። ጀርሙ ደግሞ እረፍት አይወስድም።

ጉጉፍቱ፣ 6፡00

ኔትወርክ ያገኘሁት እዚህ ብርዱ ላይ ነው። ነርሷ ስልኩን አነሳች፤ ሸሁ ያሉትን በሙሉ አረጋገጠችልኝ። ታዲያ ለምን አምስት ሰዓት ብለሽ አልጻፍሽም ስላት፣ "የት ልጻፈው? ቦታ የለውም እኮ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቅጹ እንዲያምር ብዬ ሰዓቶቹን አስቀድሜ ያተምኳቸው እኔ ነኝ። ለእሷ የተውኩላት የፊርማ ቦታ ብቻ ነበር። ወደ ሚኒባሱ ስመለስ በራሴ አፈርኩ።

ደሴ፣ 8፡30

ናሙናውን አስረከብኩ። ሸህ ሰይድ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው ሰገዱ፤ እኔ ደረጃውን ስወጣና ስወርድ ቆየሁ። አሥር ተኩል ላይ ውጤቱ መጣ፤ እንደፈራሁት ከፍ ያለ ቁጥር ነው። በትክክለኛው ሰዓት ሁለት ጊዜ አሰላሁትና ደወልኩ። ሐኪሙ ቁጥሩን እንደሰማ፣ "ተጠራቅሟላ፤ እስከ ነገ ይቁም" አለ።

"አይቁም። የተሰጣት አምስት ሰዓት ላይ ነው።"

"ማን አለ?"

"አባቷ። ነርሷንም ጠይቄያታለሁ።"

ስሌቱን አንብብልኝ አለና አነበብኩለት። ከዚያ አሁኑኑ ይሰቀልላት አለ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሸሁ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አብሽር" አሉኝ። እኔ ነበርኩ እሳቸውን ማጽናናት የነበረብኝ።

መካነ ሰላም፣ በሦስተኛው ቀን

ሸሁ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተመለሱ። እኔ ቀጣዮቹን ናሙናዎች እንዲቀበሉን ከላቦራቶሪው ጋር ስነጋገርና አዲስ ቅጽ ሳሳትም ቆየሁ፤ የሰዓቱ ቦታ ባዶ ነው። በመልሱ መንገድ ሁሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ማሽን ያስፈልገናል እያልኩ ዓመት ሙሉ ስከራከር፣ አልጋው አጠገብ የሚያድረውን ሰው አንድም ቀን ሰዓት ጠይቄው አላውቅም።

ሆስፒታል ስደርስ መሽቷል። የከድጃ መድኃኒት ተሰቅሎ ይንጠባጠባል፤ ነርሷ ሌላ በሽተኛ ጋ ተጠርታ ሮጣለች። አዲሱን ቅጽ አውጥቼ እስክሪብቶዬን ከፈትኩ። ሸሁን በዓይኔ ፈለግኋቸው፤ ለመግሪብ ሶላት ወጥተዋል።

"አሥራ ሁለት ከሃያ" አለኝ ቀጭን ድምፅ።

ዞርኩ። ከድጃ ዓይኗን ገልጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ስትሰቅለው እያየሁ ነበር" አለች።

ጻፍኩት።