መኩሪያ የወለዳቸውና ያልወለዳት

ጣርማ በር አካባቢ ዝምድና በመቁጠር እናናየሁን የሚስተካከላት አልነበረም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው የሚሄዱት እሷ ዘንድ ነው። የበግ ጠጉሯን እየፈተለች ሰባት ቤት ድረስ ትቆጥርና «አይሆንም፤ በቅድመ አያታቸው ይገናኛሉ» ካለች ነገሩ እዚያው አለቀ።

የበጎቿንም ዘር እንዲሁ አሳምራ ታውቃለች። የምትኮራው ግን በአውራው በመኩሪያ ነበር፤ ግንባሩ ቦቃ፣ ላቱ ሰፊ፣ አረማመዱ የጌታ። መንደርተኛው ሁሉ እንስት በጎቹን በሱ ያስጠቃል። ሲያረጅ ልጁ ተተካ፣ ቀጥሎም የልጅ ልጁ፤ የሦስቱም ስም መኩሪያ ነው። ውሎ አድሮ በመንደሩ ቦቃ ያልሆነ በግ ማየት ብርቅ ሆነ።

ከዚያ ግልገሎቹ መኮስመን ጀመሩ። ሁለቱማ ታችኛው መንጋጋቸው አጥሮ ጡት መያዝ አቃታቸውና ሞቱ። እናናየሁ መጀመሪያ ሣሩን አማች፣ ቀጥላ ውርጩን፣ በመጨረሻም የአንዲት ጎረቤቷን ዓይን።

በዚህ መሐል ደብረ ብርሃን የእንስሳት እርባታ የምትማር ፀደንያ የምትባል ወጣት መጣች። ከበጎቹ ጆሮ ጫፍ ቅንጣት ታህል ቁራጭ ልትወስድ ፈቃድ ጠየቀች።

«ምን ሊሠራልሽ?» አለች እናናየሁ።

«ዘራቸውን ላነብበት፣ እትዬ።»

«ዘራቸውን እኔ እነግርሽ የለም እንዴ?»

«እሱንም ይንገሩኝ» አለች ፀደንያ ደብተሯን አውጥታ። እናናየሁ እስከ ከሰዓት ድረስ ስትቆጥር ዋለች፤ ልጅቷም ስትጽፍ።

ከአምስት ወር በኋላ ፀደንያ ውጤቱን ይዛ ተመለሰች።

«አንዲት ግልገል አካሏ የሚሠራበትን መመሪያ ሁሉ በሁለት በሁለት ቅጂ ይዛ ነው የምትወለደው፤ አንዱን ከእናቷ፣ አንዱን ከአባቷ» አለች። «አንዱ ቢበላሽ ደህናው ይሸፍንላታል። እናትና አባቷ ዘመዳሞች ከሆኑ ግን ያው ብልሽት በሁለቱም በኩል ሊመጣባት ይችላል። የዚህ መንደር በጎች ሁሉም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።»

የእናናየሁ እንዝርት ቆመ። ለሰው ስትከለክል የኖረችውን ለበጎቿ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችውም።

«እኔው ነኝ ያጋባኋቸው» አለች ቀስ ብላ።

ፀደንያ ልታጽናናት ፈልጋ «የቆጠሩልኝ ሁሉ ልክ ነው፤ አንዷ ብቻ ትቀራለች» አለች። «ዳምዬ የሚሏት በግ የመኩሪያ ልጅ አይደለችም። አባቷ የሩቅ አገር በግ ነው።»

እናናየሁ ልትቆጣ ቃጣትና ድንገት ትዝ አላት። ዳምዬ ከመወለዷ በፊት አንድ ነጋዴ ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ በጎች ሲነዳ ዝናብ ይዞት እሷ ግቢ አሳርፏቸው ነበር። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለካ የዳምዬ ልጆች ብቻ ወፍራምና ጠንካራ የሆኑት ወደው አይደለም።

በሳምንቱ ሦስተኛውን መኩሪያ እየጎተተች አንኮበር ድረስ፣ ገብረ ጻድቅ የሚባሉ በግ አርቢ ዘንድ ሄደች። አውራ እንለዋወጥ ብትላቸው ገላመጧት።

«የኔን በግ? አባቱም አያቱም እዚሁ የተወለዱ ናቸው እኮ።»

«ችግሩም እሱ ነው» አለችና የፀደንያን ነገር አጫወተቻቸው። ሽማግሌው መንጋቸውን ዓይን ዓይኑን አዩት። በኋላ የአውራቸውን ገመድ ራሳቸው አቀበሏት። መኩሪያን ጥላ ስትመለስ ዞራ አላየችውም።

አዲሱ አውራ ጥቁር፣ መልከ ጥፉና ቁጡ ነው፤ ገና በገባበት ቀን ወግቶ ጣላት። በሚቀጥለው ወሊድ ግን ከአሥራ አራት ግልገሎች አንዱን ብርድ ወሰደው እንጂ የተቀሩት በእግራቸው ቆመው ጠቡ። መንጋጋው ያጠረ አልነበረም።

ዛሬ የመንደሩ ሰው በየሁለት ዓመቱ አውራውን ከሌላ ቀበሌ ጋር ይለዋወጣል። የትኛው በግ ወዴት እንደሚሄድ የምትወስነው እናናየሁ ናት፤ ፀደንያም ስትመጣ አዲስ የተወለዱትን አብረው ይመዘግባሉ።