መርዶ በዊሊያምስታውን

አሁን የምኖረው ሜልቦርን ዳር፣ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ ሁሉ አዲስ፣ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጣረሞት እንኳ ቢመጣ አድራሻ ይጠፋበታል። ልጄም አድጋ ከቤት ወጥታለች። ክረምት ገብቶ በጊዜ ሲጨልም የሚናፍቀኝ እናቴ፣ ልጄና እኔ ኬንሲንግተን በነበረችው ጠባብ የፎቅ ቤት ፍላታችን ሦስት ሆነን የኖርንበት ዘመን ነው። ከዚያም ውስጥ አንድ ቅዳሜ።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዊሊያምስታውን፣ በዚያ የድሮ መርከበኞች ሰፈር፣ የሙት መንፈስ አለባቸው የሚባሉ ቤቶችን እያዞሩ የሚያሳዩበት የቤተሰብ ጉብኝት እንዳለ ከክፍል ጓደኛዋ ሰምታ አላስቀምጥ አለችኝ። «ማሚ፣ ጎስት ቱር ቡክ አድርጊልኝ!» ሰው ከፍሎ ይፈራል ወይ ብዬ ስቄባት ነበር። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ግን ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። አጎቴ አርፏል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

መርዶ እንዲሁ ብድግ ተብሎ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሰፈራችን ሽማግሌ ሰው ማሰባሰብ ጀመሩ፤ ግን አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ ሌላዋ አረጋውያን ቤት ሺፍት አለባት፣ ከእሑድ ጠዋት በፊት ለሁሉም የሚመች ሰዓት ጠፋ። «እስከዚያ አፍሽን ያዢ» አሉኝ ጋሼ። «አደራ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ።»

ችግሩ እናቴ ቅዳሜ ማታ ለወንድሟ ትደውላለች። ጉንፋን ቢይዛት፣ እንግዳ ቢመጣባት፣ ቅዳሜን አሳልፋ አታውቅም። «ሱቁ የስልክ ካርድ ጨርሷል» አልኳት፤ የገዛሁትን ካርድ የክረምት ጫማዬ ውስጥ ወሽቄ። ቤት ከዋልን ግን ጎረቤት ሄዳም ቢሆን መደወሏ አይቀርም። ያን ጊዜ የልጄ ጣረሞቶች ትዝ አሉኝና ለሦስት ሰው ቡክ አደረግሁ።

«የሙት መንፈስ ለማየት?» አለች እናቴ። «ሰው በጤናው?» ቢሆንም የልጅ ልጇን ለጣረሞት አሳልፋ የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ትንሽ ጠርሙስ ጠበልና አንድ ከረጢት ቆሎ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተነሳች። ኖርዝ ሜልቦርን ላይ ባቡር ቀይረን ዊሊያምስታውን ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አስጎብኚው ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ፋኖስ አንጠልጥሎ ከአንድ የድንጋይ ቤት ጥግ ብቅ ሲል እናቴ አማትባ ጠርሙሷን ጨበጠች። ቀረብ ብላ ስታየው ግን አፍንጫው በብርድ የቀላ ከሲታ ሽማግሌ ነው። «ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜው ብርድ ላይ ያቆሙታል» ብላ ጠበሉን መልሳ ቆሎ ዘገነችለት። እሱም ሳያቅማማ ተቀብሎ መንገዱን ሁሉ እየቆረጠመ አስፈራራን።

እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። አስጎብኚው በድሮው እስር ቤት ሞቶ ዛሬም ስለሚያስለው እስረኛ ነገረን፤ እናቴ «ብርድ ነዋ፣ ይህ ምን ይገርማል» አለች። ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን በዚያ ጠባብ መንገድ ስንሄድ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐሙስን ረስቼው ነበር።

ከባሕሩ ፊት ለፊት አንድ ባለ ፎቅ ቤት አለ። አስጎብኚው ፋኖሱን ወደ ላይኛው መስኮት አንስቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እዚህ ቤት የመርከበኛ ሚስት ነበረች አለ። የባሏ መርከብ ሰጠመ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ፤ ግን አዘኑላትና የሚነግራት ጠፋ። እሷም ይመጣል ብላ በየማታው መስኮቱ ላይ መብራት እያኖረች አረጀች። መብራቱ ዛሬም ይታያል ይላሉ።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

«ባሏ መንገድ ሄዶ ቆየባት ነው የሚለው» አልኳት።

ልጄ እኔ ስሳሳት ማረም ትወዳለች። በተሰባበረ አማርኛዋ «ኖ፣ ሞቷል» አለች። «ሰዎች አውቀዋል። ለእሷ አልነገሯትም።»

እናቴ መስኮቱን አንጋጣ አየችው። «ታዲያ ይቺ ምኗ ነው ጣረሞት?» አለች። «እርሟን ሳታወጣ የቀረች ሴት ናት እንጂ። አንድ መርዶ የሚያረዳት ሰው ይጥፋ? ጎረቤቶቿ ናቸው የገደሏት።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች። «በይ ስልክሽን ስጪኝ። በአንቺው ልደውልለት። ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

አንድ ውሸት ማሰብ ነበረብኝ። ቻርጅ የለውም ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቀን ሙሉ ስዋሽ የከረምኩት እኔ፣ ያን መስኮት እያየሁ አንዲት ቃል አጣሁ። እሷ ፊቴን አየችው፣ የተዘረጋ እጇንም ቀስ ብላ መለሰች።

«መቼ?» አለችኝ።

«ሐሙስ።»

«ተቀበረ?»

«ትናንት።»

ባሕሩ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነክሳ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። «ሰው አለ፣ ልጆች አሉ» ትለኛለች በመሃል፣ እንዳትጮህ ራሷን እየገሠጸች። ልጄ ለአስጎብኚው በእንግሊዝኛ የሆነውን ነገረችው። እሱም ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገባችን ቆመ። ቀሪዎቹ ቤተሰቦችም እንደዚያው። የማያውቁትን አጎቴን እንዲህ ቆመው ሸኙት።

በባቡሩ ስንመለስ፣ የመርዶን ወግ የምታውቀው እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«አስራ ሁለት ሰዓት» አልኳት። ስንት ሰው ተለምኖ የተሰባሰበበትን ነገር መንገድ ላይ አፍርሼው፣ ጋሼን በምን ዓይኔ እንደማያቸው አላውቅም ነበር። አደራ በላ ነኝ።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሰባት ሰዎች ናቸው፣ ጋሼ ከፊት። እናቴ ነጠላዋን እንደ ወትሮዋ ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ራሷ ከፈተችላቸው። «ምነው በደህናችሁ ነው?» አለች። «በጠዋት ምን ሆናችሁ መጣችሁ?» ጋሼ አስቀመጧት፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ጥቂት ተናገሩ፣ ከዚያ አረዷት። ያን ጊዜ እናቴ ጮኸች። ማታ ነክሳ ያሳደረችውን ጩኸት ሁሉ አወጣችው፤ ወንድሟን በስሙ እየጠራች፣ አዝላ ያሳደገችበትን ጀርባዋን እየመታች። ውስጡ አንድም የማስመሰል ነገር አልነበረም።

ልጄ ግራ ገባት። በእንግሊዝኛ «ግን አያቴ እኮ ትናንት...» ስትል እናቴ ሳብ አድርጋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠቻት።

ለቅሶው በረድ ሲል ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሦስት ቀን ይህን ይዞ መዋል ከባድ ነው። አደራሽን ተወጣሽ።»

አንገቴን ደፋሁ። እናቴ እንባዋን ጠረገችና «አዎ» አለቻቸው፣ ዓይኔን እያየች። «የኔ ልጅ አደራ አትበላም።»

ከሐሙስ ጀምሮ ለአጎቴ አንዲት እንባ አላፈሰስኩም ነበር። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።