ስለ እንጦጦ ባትሪዎች የጻፍኩት ሪፖርት

ባትሪ ውሃ ይጠጣል ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ጥፋተኛ ከተፈለገ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከራጉኤል አለፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ የሚልበት ጉብታ ላይ፣ መሥሪያ ቤታችን አንዲት የመገናኛ ሬዲዮ ቤት ነበረችው። ጣሪያዋ ላይ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያወጡ ሰሌዳዎች፣ ውስጧ ደግሞ ቀን የተገኘውን ለማታ የሚያቆዩ አሥራ ሁለት ትልልቅ ባትሪዎች ነበሩ። እነዚህን ለማስፈቀድ ስንት ዓመት ደጅ ጠናሁ! «ጓድ፣ ፀሐይን በሣጥን ላስቀምጥ ነው የምትለን?» እያሉ ሲስቁብኝ ከርመው፣ ነዳጅ በኩፖን ሲሆን ጊዜ እሺ አሉ። እንጦጦ ላይ ከሠራ በሌሎቹ ተራሮች ላሉት ሬዲዮ ቤቶችም ይገዛል ተባለ። በሕይወቴ አንድ ነገር ተመኝቼ ካወቅሁ እሱን ነው።

ጥበቃው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ እዚያው ተራራ ላይ ተወልደው ያረጁ ሰው ነበሩ። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ባትሪዎቹን ከላማቸው ለይተው አያዩም። ክዳን ከፍቼ ውስጥ ያሉትን የእርሳስ ፕሌቶች እያሳየሁ፣ «ውሃው ከዚህ በታች ከወረደ ይሞታል» አልኳቸው። «እኔ ቆሜማ አይጠማም!» አሉ። ከወሰን ጋራዥ የገዛሁትን አንድ ጀሪካን የባትሪ ውሃ ትቼላቸው ወረድኩ። ለምን ሌላ ውሃ እንደማይሆን አልነገርኳቸውም። መኪና ተከልክዬ ጀሪካኑን ተሸክሜ በእግሬ ነበር የወጣሁት፤ ደክሞኝ ነበር።

በሳምንቱ ለመንደር ምሥረታ ዘመቻ ተላክሁ። ሁለት ወር ያሉት አምስት ወር ሆነ። ስመለስ ሬዲዮው ማታ ማታ ይጠፋል አሉኝ። በማግስቱ እንጦጦ ወጥቼ የአንዱን ባትሪ ክዳን ከፈትኩ፤ ውስጡ እንደ ሻይ ቀልቷል። ሁለተኛውም ያው፣ ሦስተኛውም ያው።

«አባባ፣ ምን ጨመሩበት?»

ፊታቸው በራ። «ያንተ ውሃ ገና በሁለተኛው ወር አለቀ። ሁለት ጊዜ ቢሮ ድረስ ወርጄ ተናገርኩ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ። ታዲያ ሲጠማው እያየሁ ዝም ልበል? ጠዋት ጠዋት፣ እህል ሳልቀምስ፣ ጠበል እየቀዳሁ አጠጣሁት። ደከም ሲልብኝ ደግሞ ጨመርኩለት።»

እግዚኦ! መጮህ አማረኝ። የጠበልነቱ ጉዳይ አይደለም፤ ከምድር የፈለቀ ውሃ ሁሉ ማዕድን አለበት፣ ማዕድን ደግሞ ባትሪ ይገድላል። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለባትሪ ብለው የጾሙ ሰው ምን ይባላሉ?

ቢሮ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ጠበቀኝ። ሰብሳቢው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሰው እጅ አለበት ወይስ የለበትም?» አለበት ካልኩ ስሙ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው። በዚያ ስም ተወስዶ የተመለሰ ሰው እኔ አላውቅም። በዚያ ላይ ጠበል! የሚጽፉባቸው ክስ ሁሉ በዓይኔ ዞረ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ዝም ማለት እንኳ አልተፈቀደልኝም፤ በሦስት ቀን ሪፖርት አምጣ ተባልኩ።

ጻፍኩ። «ባትሪዎቹ የእንጦጦን ብርድ አልቻሉም።» ሦስት ገጽ፣ ከነሰንጠረዡ። አይ የኔ ነገር! ከጻፍኳቸው ሪፖርቶች ሁሉ ያማረው ያ ውሸት ነው። አባባ ተረፉ። ኮሚቴው አመነኝ፤ አምኖኝም የሌሎቹን ተራሮች ግዢ ሰረዘ። በባትሪዎቹ ቦታ የናፍጣ ጄኔሬተር ተተከለ።

ጄኔሬተሩ ሥራ የጀመረ ዕለት አባባ ጆሯቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «እነዚያ ጭምቶቹ ይሻሉ ነበር። ምን ሆነው ነው የሞቱት ግን?»

«ብርድ ነው አባባ።»

«አዬ! ጋቢዬን ባለብሳቸው ኖሮ» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን ቀን ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ፣ ያው መንግሥት ሳይወድቅ፣ ውጭ ተምራ የመጣች መሐንዲስ ስብሰባ ላይ ተነስታ የፀሐይ ኃይልና ባትሪ እንሞክር አለች። እኔ የተናገርኩትን ሁሉ፣ ከኔ አሳምራ። ሰብሳቢው ሳቀና መዝገብ አስመጥቶ የኔን ሦስት ገጽ ሰጣት። «በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ጸሐፊውም ይኸው» አለ። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ከዚህ የባሰ ብርድ ባለበት አገር ሲሠራ አይቻለሁ እኮ። እውነት ብርድ ነው?»

አዳራሹ ሁሉ ያየኛል። አባባ ያን ጊዜም እዚያው ተራራ ላይ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ነበሩ።

«ብርድ ነው» አልኳት። አመሰግናለሁ ብላ ተቀመጠች።