ምዕራፍ ሁለትን የሠራለት ሰውዬ

«ምዕራፍ ሁለትን የሠሩልኝ ጋሽ አያሌው ናቸው።»

ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ካለ ጁስ ቤት ተቀምጬ፣ ከጀርባዬ ይህን ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት። ይበልጣል ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የማማክረው ልጅ። ጋሽ አያሌው ደግሞ የግቢያችን ላይብረሪ ሠራተኛ ናቸው።

«ሙሉውን?» አለው ጓደኛው።

«ሙሉውን! እሳቸው ባይኖሩ አንዲት መሥመር አይወጣኝም ነበር።»

«አማካሪህስ?»

«እሱ... አይ፣ ጥሩ ሰው ነው። ይፈርማል።»

የአቮካዶ ጁሴን እንደያዝሁ ቀረሁ። ለላይብረሪው ሰውዬ «እሳቸው»፣ ለእኔ «እሱ»። ይህንንስ ልለፈው። ግን ያ ምዕራፍ ሁለት... ስለ ይፋግ ሩዝ ገበሬዎች እስካሁን የተጠናውን የሚዳስሰው ምዕራፍ... በትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ ሁለት ገጹን ጮክ ብዬ ያነበብሁት ነው። «ተማሪን በደንብ ከያዙት እዚህ ይደርሳል» ብዬ። ተጨብጭቦልኛል። ያጨበጨቡት ሦስት ነበሩ።

ለተማሪ ጽሑፍ መጻፍ ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው። እውነት ከሆነ ልጁ አይመረቅም። የእኔን ፊርማ እስከ ዓርብ ማስገባት ነበረበትና፣ ላልፈርም ወሰንሁ። ለሙያው ክብር ተቆርቁሬ ነው... ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ቅናት መሆኑን ለማመን ከጁስ ቤቱ እስከ ግቢው በር ያለው መንገድ አልበቃኝም።

ሐሙስ ጠዋት ላይብረሪ ገባሁ። ጋዜጣ ዘርግቼ ከጋሽ አያሌው ትይዩ ተቀመጥሁ። እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው።

በጠረጴዛቸው በኩል ሳልፍ ግን ከመስታወቱ ሥር የተደረደረውን ፎቶ አይቼ ነበር። ጋወን የለበሱ ልጆች፣ መሐል ላይ እሳቸው። ከልጆቹ ስድስቱን ያማከርኋቸው እኔ ነኝ። እኔ ጋ ያለው የምረቃ ፎቶ አንድ ነው፤ እሱም ላይ ግማሽ ፊቴን የሰው አበባ ሸፍኖታል።

አንዲት ተማሪ መጣች።

«ስለ ምንድን ነው የምትጽፊው፣ ልጄ?»

«ስለ እምቦጭ።»

«እምቦጭንማ ጣናም ያውቀዋል። ምን አደረገ? ማንን?»

ጠበቋት። እኔ ብሆን እስካሁን ሦስት ጊዜ ስልኬን አይቼ ነበር።

«...ዓሣ አጥማጆቹን። መረባቸውን ይይዛል፤ ጀልባ አያሳልፍም...»

«ይኸው መጣሽ! በይ ያንኑ እዚህ ጻፊው።»

የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ወደ እሷ ገፉት። አንድ ፊደል አልነኩላትም። ኮምፒውተሩ ፈልጎ ካወጣቸው ጽሑፎች አንዱን ራሷን አስመረጧት፤ ለምን እንደመረጠችውም ጠየቋት። ከዚያ «አንብቢውና ነገ ወረቀቱን ዘግተሽ፣ ቆመሽ ንገሪኝ» አሏት። ልጅቱ እየሳቀች ሄደች። ከእኔ ቢሮ እየሳቀ የወጣ ተማሪ ትዝ አይለኝም።

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልሁም። ተነሥቼ ሄድሁ።

«ጋሽ አያሌው፣ የይበልጣልን ምዕራፍ ሁለት የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ፣ መምህር!» ሳቁ። «የእኔ ሥራ ማስነገር ብቻ ነው። ቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ ወረቀት አያዩልንም ነበር። በቃል ነግረናቸው ሲበላሽ ‹ሂድ፣ አስተካክለህ ና› ነው። ይበልጣልንም ሰባት ጊዜ መልሼዋለሁ። በስምንተኛው ግን... አቤት!»

ያቺ «አቤት»... እኔ ስለ ማንም ተማሪ እንደዚያ ብዬ አላውቅም።

«ለመሆኑ እርስዎ ጋ ምን አመጣው?»

«እርስዎ የጻፉለትን አስተያየት ይዞ ነዋ።»

«ምን ብዬ ነበር?»

«‹አሻሽል›።»

«ከዚያስ?»

«ይኸው ነው። በየገጹ፣ ‹አሻሽል›።» ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መቸም ማሻሻል እንዳለበት የነገሩት እርስዎ ነዎት፣ መምህር። እኛ ምኑን እንደሆነ ነው የፈለግነው።»

ማጽናናታቸው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ይበልጣልን ቢሮ ጠራሁት። ለፊርማው ብሎ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል።

«ወረቀቱን ዝጋ» አልሁት። «ቆመህ ንገረኝ።»

ደነገጠ። «ቲቸር... እርስዎም?»

ነገረኝ። ማን ምን እንዳጠና፣ ማን ከማን እንደማይስማማ፣ ይፋግ ላይ እስካሁን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ... ሃያ ደቂቃ ያህል፣ አንዴም ሳይደናቀፍ። ላጠምደው አንድ ከባድ ጥያቄ ወረወርሁበት።

«እሱን እንኳ ጋሽ አያሌውም ጠይቀውኛል» ብሎ መለሰልኝ።

ፈረምሁ። እየቀፈፈኝ ፈረምሁ። ልጁ ዝቅ ብሎ አመሰገነኝና በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሮጠ። የምሥራቹን ለማን ሊናገር እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ሰኞ፣ ይበልጣል ደጋግሞ የጠቀሰውን መጽሐፍ ልዋስ ላይብረሪ ሄድሁ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አላነበብሁትም። ጋሽ አያሌው ኮምፒውተሩ ላይ ስሜን ፈለጉ። ደግመው ፈለጉ።

«መምህር፣ የላይብረሪ ካርድ የለዎትም እኮ። ለግቢው አዲስ ነዎት እንዴ?»

«ስምንት ዓመቴ ነው።»

የምሞላው ቅጽ ሰጡኝ። ስም፣ የትምህርት ክፍል፣ ስልክ... ከዚያ «የቢሮ አድራሻ» ይላል።

ቢሮዬ ከላይብረሪው ፊት ለፊት ነው።