የፊቶቹ ሦስት አግዳሚዎች

ባለፈው ቅዳሜ የአባዬን የሥራ ሱሪ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከመክተቴ በፊት ኪሱን ስፈትሽ ሁለት የጆሮ መድፈኛ አገኘሁ። ከስፖንጅ የተሠሩ፣ ብርቱካንማ፣ የጣቴን ጫፍ የሚያህሉ ናቸው። የአውሮፕላን ነዳጅ ይሸታሉ እንጂ ጆሮ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ከፓኬታቸው እንደወጡ ናቸው። ማሽኑን ተደግፌ መዳፌ ላይ ሳያቸው፣ ዐሥር ዓመቴ ላይ ያሳለፍኩት አንድ እሑድ እንዳለ መጣብኝ።

ያኔም የምንኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ ዩለስ ከተማ ነበር። አባዬ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የሁለቱ ሺፍት ስለማይገጥም የሚገናኙት በር ላይ ነበር፤ አንዱ ጫማውን ሲያወልቅ ሌላዋ ጫማዋን ታስራለች። ልጅ እያለሁ ትልቅ ሰው ማለት ቁጭ ባለበት እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ይመስለኝ ነበር። እዚህ እንደኔ ያደጋችሁ፣ የናንተም ቤት እንደዚያው እንደነበር አውቃለሁ፤ ስልክ ሲጮህ ተሯሩጠን የምናነሳው እኮ ለራሳችን ብለን አይደለም፣ የተኛው ሰው እንዳይነቃ ነው።

እናም፣ አባዬ ሥራ በጀመረ በአራት ዓመቱ ጆሮው ደከመ። ከአውሮፕላን ሞተር ሥር ሲውል መድፈኛውን ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል እንጂ አያደርገውም። እማዬ ሁልጊዜ ትቆጣዋለች።

«ጆሮህን ድፈነው እያልኩህ!»

«ብደፍነው አለቃዬ ሲጠራኝ በምን እሰማለሁ? እንግሊዝኛው ሳይደፈንም አልገባኝ።»

እየሳቀ ነበር የሚላት። እሷ ግን አትስቅም።

ቸርቻችን ጎረቤት ከተማ፣ ኧርቪንግ ነበር። አሜሪካኖቹ ጠዋት አምልከው ሲወጡ፣ ከሰዓት በኋላ እኛ በኪራይ እንገባለን። የእንጨት መወልወያና የተረፈ ዶናት ሽታ ይቀበለናል። አዳራሹ ከፊት እስከ ኋላ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚዎች ተደርድረውበታል፤ የእኛ ሰዎች ግን ከፊቶቹ ሦስቱ ላይ አይቀመጡም። ከአራተኛው ይጀምራሉ። ሰው ሲበዛ እንኳ ኋላ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ እንጂ ወደፊት አይመጡም። እኔ ለመላእክት የተተወ መስሎኝ ነበር። ጓደኛዬ ሜሮን ደግሞ «የሞቱ ሰዎች ናቸው የሚቀመጡበት» ብላ ታስፈራራኝ ነበር። ጉባኤው ሲያበቃ የምንጫወተው ጨዋታ ይኸው ነበር፦ ሮጦ የመጀመሪያውን አግዳሚ በአንድ ጣት ነክቶ መመለስ። ሜሮን ሁለት ጊዜ ነክታለች፤ እኔ አንድም ጊዜ።

የሰንበት ትምህርታችን አስተማሪ እትዬ አልማዝ ለልጆች ቀን እያንዳንዳችን ስለ ቤተሰባችን በአማርኛ ጽፈን ጉባኤው ፊት እንድናነብ አዘዙን። ፊደል ቆጥሬ የጨረስኩት በዚያው ዓመት ስለነበር፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከቸርች ስንመለስ መኪና ውስጥ አባዬን ምን ልጻፍ አልኩት።

«እ?»

«ምን ልጻፍ?»

«እ?»

ሦስተኛው ላይ ጮህኩ። አፓርታማው ጋ ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ። ደረጃውን ለመውጣት አቅም እስኪያገኝ እንደልማዱ ቁጭ አለ። ከዚያ «ያንን የኬንያውን የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ጻፊ» አለኝ። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

እኔ ስድስት ዓመት እስኪሆነኝ በስደት የኖርነው ኬንያ፣ የሻይ እርሻ የከበባት ብርዳም ከተማ ውስጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን የሠሩት እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ ነው፤ የአንግሊካን ነበር። ደወሉ ከእንግሊዝ በመርከብ፣ ከወደብ ደግሞ በባቡር መጣ። ድንጋዩን ግን ከወንዝ ዳር በጀርባቸው ያመላለሱት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ተሠርቶ ሲያልቅ የፊቶቹ ሦስት አግዳሚዎች ላይ የእንግሊዞቹ ቤተሰቦች ስም በነሐስ ሰሌዳ ተጽፎ ተለጠፈ። ድንጋይ የተሸከሙት በሩ ጋ ቆመው አስቀደሱ። ብዙ ቆይቶ ነው ከአራተኛው ጀምሮ እንዲቀመጡ የተፈቀደላቸው።

ይህን ሁሉ ለአባዬ የነገሩት የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ምዜ ካማው ናቸው፤ ምዜ በአገሩ ቋንቋ ጋሼ እንደማለት ነው። አባታቸው ድንጋይ ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ። ምዜ ካማው ልጅ ሆነው አንድ እሑድ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ቢቀመጡ፣ አንድ እንግሊዝ ጆሯቸውን ይዞ እየጎተተ ከበር አወጣቸው። አገሩ ነፃ ወጣ፤ እንግሊዞቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ምዜ ካማው ግን በየቅዳሜው የነሐስ ሰሌዳዎቹን መወልወል አልተዉም፤ እዚያም አልተቀመጡም። እኔ የማስታውሰው የእጃቸውን ሽታ ብቻ ነው፤ የነሐስ መወልወያ ይሸቱ ነበር። የእኛ ሰዎች በስደት ሲመጡ ደብሩ የእሑድን ከሰዓት በኋላ ፈቀደላቸው። በመጀመሪያው ቀን ምዜ ካማው አራተኛው አግዳሚ አጠገብ ቆመው በእጃቸው ወደ ኋላ አመለከቱ። ማንም ለምን አላለም። ስደተኛ ምን ብሎ ይጠይቃል?

እኔ ግን ጠየቅኩ። «እንግሊዞቹ ከሄዱ ማን ነበር የሚከለክላችሁ?»

አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ማንም» አለ።

«ታዲያ አሁን ኧርቪንግ ፊት እንዳንቀመጥ ማን ይከለክለናል?»

«እ?»

ሳይሰማኝ ቀርቶ ይሁን መስማት ሳይፈልግ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጽሑፉን ሁለት ሳምንት ተለማመድኩት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ አባዬ እንዲሰማኝ። እሱ የነገረኝን በእኔ አፍ፣ በእኔ አማርኛ እንዲሰማው። የአሜሪካኖቹን ማይክራፎን መንካት ስለማይፈቀድልን በባዶ ድምፅ ነው የምናነበው፤ ድምፄ ደግሞ ቀጭን ነው። «አባዬ፣ ፊት ተቀመጥልኝ» ብዬ ለመንኩት። «ጮክ በይ፤ ከአራተኛውም ይሰማል» አለኝ።

የዚያን እሑድ ከኦቨርታይም በቀጥታ መጣ። የሥራውን አንጸባራቂ ሰደርያ እንኳ አላወለቀም። አጠገቡ እማዬን ገና ሳልጀምር እንቅልፍ እየጣላት ነበር። ተነሥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ደወሉ በመርከብ ሲመጣ ቀና ብዬ አየሁት፤ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደፊት ተንጠራርቷል። ሰው ሲስቅ የጎረቤቱን ፊት አይቶ ዘግየት ብሎ ይስቃል። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

«ቀጥዪ እንጂ የኔ ቆንጆ» አሉኝ እትዬ አልማዝ።

«አባዬ አልሰማኝም» አልኩ። ዐይኔ እንባ ሞልቷል።

ሰው ሁሉ ዞሮ አባዬን አየ። እማዬ ነቅታ በክርኗ ጎሸመችው፤ እሱ ግን እንደ ተከሰሰ ሰው አንገቱን ደፋ። ያኔ ከኋላ ጋሽ በቀለ ተነሡ። ኬንያም አብረውን ነበሩ።

«ኧረ ሂድ አንተ ሰውዬ!» አሉ አዳራሹን በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ። «ጆሮህን ማን ይዞ ይጎትትሃል? እንግሊዝ የለ፣ ካማው የለ እዚህ!»

ኬንያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ የሚያለቅስ የሚመስል ሳቅ ነበር። አባዬ ተነሣ። ሦስተኛውን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ የመጀመሪያው አግዳሚ ጥግ ላይ፣ አሁን ተነሥ እንደሚሉት ሰው በግማሽ መቀመጫው ተቀመጠ። ሰደርያው ያበራል።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ አነበብኩ። የምዜ ካማው ጆሮ ሲጎተት አባዬ በእጁ ጀርባ ዐይኑን ጠረገ። ወደ መጨረሻው ስደርስ ደግሞ፣ ምን ትሉታላችሁ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል! አልተቀየምኩም። ቀስ ብዬ ጨረስኩት፣ እንዳይነቃ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለኝ መኪና ውስጥ። እማዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ጮክ ብላ ሳቀች።

አሁን ቸርቻችን እዚሁ ዩለስ የራሱ አዳራሽ አለው። አግዳሚ የለም፤ ተጣጣፊ ወንበር ነው። ከፊት ለመቀመጥ ሰው ቀድሞ ይመጣል፣ ቦርሳ አስቀምጦ ቦታ ይይዛል፤ ትንንሾቹ ልጆች ወንበር ይፈራ ነበር ብላቸው ያሾፉብኛል። ጋሽ በቀለ ዐርፈዋል። ሜሮን ፕሌኖ ወደሚባል ሌላ ከተማ ገብታለች፤ ብዙም አንገናኝም። አባዬ ግራ ጆሮው ላይ ትንሽዬ የመስሚያ መሣሪያ ተደርጎለታል። ሻንጣውን ግን እስካሁን ይጭናል፤ መድፈኞቹም እንደ ድሮው ኪሱ ውስጥ ይውላሉ።

እሱም የሚቀመጠው ከፊት ነው፣ በግማሽ መቀመጫው። ባለፈው እሑድ አጠገቡ ልቀመጥ ስል ወንበሩ ላይ እጁን አሳርፎ አገኘሁት። ለማን ነው የያዝከው አልኩት።

«ለምዜ ካማው» አለኝ።

«እ?» አልኩት። ሰምቼዋለሁ እኮ፤ እንዲደግምልኝ ብዬ ነው።